ማሯ ሁለት ጊዜ የተጫነችው ቁልፍ

የውኃ መሥሪያ ቤቱ አቤቱታ መቀበያ ላይ ደውሎ የማያውቅ ሰው ማሯን አያውቃትም። አንድ ጊዜ እንኳ የደወለ ግን መልኳን ሳያይ ድምፅዋን ያውቃል። ወረፋው እስኪደርስ ድረስ «ውድ ደንበኛችን፣ ጥቂት ይታገሡን፤ አሁኑኑ እናስተናግድዎታለን» እያለች በሰው ጆሮ የምትመላለሰው እሷ ናት። ሥራ በገባች በዓመቷ ነው ድምፅዋን የቀዱት። ያን ቀን ቤት ገብታ ለባሏ ብትነግረው፣ ቀለም ቀቢ ነውና እጁን እንኳ ሳይታጠብ ስልኩን አንሥቶ ደወለ። አዳምጦ ሲዘጋ፣ «አሁኑኑ ያልሽው ውሸት ነው፤ ድምፅሽ ግን እውነት ነው» አላት። ሲስቁ አመሹ።

ማሯ የወጣላት ስም ነው። ድምፅዋ ማር ይንጠባጠብበታል ብለው የሥራ ጓደኞቿ አወጡላት፤ ስሙም ከመሥሪያ ቤት ተነሥቶ ሰፈር ገባ። አሁን አማቷ ሳይቀሩ በዚሁ ይጠሯታል። ለሰው እንዲህ ያለ ስም ሲወጣለት ደስ ይለዋል፤ ተሸክሞት መኖሩ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ማር የተባለ ሰው አንድ ቀን እንኳ ሬት መሆን አይፈቀድለትም።

የሚሠሩበት ክፍል ፎቅ ላይ ነው። መስኮቶቹ በቀለም ተጣብቀው አይከፈቱም፤ ምንጣፉ የወንበር ጎማ በሄደበት ሁሉ ሳስቷል፤ ጠረጴዛዎቹ በስስ ጣውላ ተከፋፍለዋል። ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ፣ ወረፋ የያዘውን ደዋይ ብዛት በቀይ መብራት የሚያሳይ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ዝናብ የመጣበት ይመስል ሁሉም አንገቱን ወደ ትከሻው ይሰበስባል። ከማሯ አጠገብ የሚቀመጠው ጡረታው የቀረበ ሰው ነው። አፉ ስለማይዘጋ ራዲዮ ይሉታል። አንድ ቀን ኮቱን አውልቆ ሰሌዳው ላይ ሰቀለና፣ «እፎይ! የከተማው ቧንቧ ሁሉ ተጠገነ!» ብሎ ክፍሉን በሳቅ አፈረሰው። አለቃቸው መጥታ ኮቱን እስክታወርድ ድረስ እውነትም ቀለል ብሏቸው ነበር።

የዚያ ክፍል ሰዎች አንድ መላ ነበራቸው። ስልኩ ላይ ድምፅ ማጥፊያ ቁልፍ አለ፤ ሲጫኑት እነሱ ደዋዩን ይሰሙታል፣ እሱ ግን አይሰማቸውም። ቁልፉን «ጓዳ» ነው የሚሉት። መስመሩ ክፍት ሲሆን ደግሞ «ሳሎን» ይባላል። ሳሎን እንግዳ የሚከበርበት ነው፤ «እሺ ጌታዬ፣ ልክ ነዎት እመቤቴ» ይባልበታል። ጓዳ ሲገባ ግን የሆድ የሆድ ይወራል። ደዋዩ «እናንተ ሌቦች!» ሲል፣ ሠራተኛው ጓዳ ይገባና «ሌባስ ያንተ ዘመድ!» ብሎ ይተነፍሳል፤ ከዚያ ሳሎን ተመልሶ፣ «ይቅርታ ጌታዬ፣ አድራሻዎን ይንገሩኝ» ይላል። አዲስ ሰው ሲቀጠር ከሥልጠናው አስቀድሞ የሚማረው ይህን ነው። ራዲዮማ ጓዳ ገብቶ ቤት እየመታ ነው የሚሳደበው፤ ጎረቤቶቹ የራሳቸውን ስልክ ትተው እሱን ያዳምጣሉ።

ማሯ መጀመሪያ ላይ በሌሎቹ ጓዳ ትስቅ ነበር እንጂ እሷ አትገባም። መግባት የጀመረችው ሁለት ባልደረቦቿ ሥራ ለቀው ምትክ ሳይመጣ የቀረ ጊዜ ነው። በዚያ ላይ ዋናው መስመር ፈነዳና ግማሹ ከተማ ውኃ አጣ። ሰዉ ከጠዋት እስከ ማታ ይደውላል፤ የሚደውለው ተቆጥቶ ነው፤ የሚቆጣውም እሷን ነው፣ ቧንቧውን በጥርሷ የነከሰችው ይመስል። በመጀመሪያ ጓዳ ገብታ በረጅሙ ተንፍሳ ትወጣ ነበር። እያደር መተንፈሱ ማጉረምረም፣ ማጉረምረሙ ስድብ ሆነ። አንዳንድ ቀን ገና «ሃሎ» ሳይባል ጣቷ ቁልፉ ላይ ነው።

ጭንቀት ደጅ አንኳኩቶ «ቤቶች!» ብሎ አይገባም። ማሯ ዘንድ የገባው በመንጋጋዋ በኩል ነው። ጥርሷን ስታፋጭ እያደረች፣ ጠዋት ስትነቃ መንጋጋዋ ይጠዘጥዛታል፤ ብርድ መታኝ አለች። ምሳዋን ቋጥራ ሄዳ እንደ ቋጠረችው ይዛው ትመለሳለች፤ ምግብ ሰለቸኝ አለች። ቤት ውስጥ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቧ ድንግጥ ይላል፤ የባሏን ስልክ ጥሪ አስለወጠችው፣ ሳምንት ሳይሞላ አዲሱንም ጠላችው። አንድ ምሽት ትንሿ ልጇ ቀሚሷን ይዛ «እማዬ፣ እማዬ፣ እማዬ» ስትላት፣ ዞር ሳትል «ጥቂት ይታገሡን» ብላ መለሰችላት። ባሏ በሳቅ ሞተ። እሷም ሳቀች። ልጅቷ ግን አልሳቀችም።

«ማሯ፣» አላት ራዲዮ አንድ ቀን ሻይ ይዞላት መጥቶ፣ «ሰሞኑን ጓዳሽ ከሳሎንሽ ሰፋሳ።»

«ከማን ተማርኩት ጋሼ?»

«እኔ እኮ ገብቼ እወጣለሁ። አንቺ ግን አልጋ አስገባሽበት። ሂጂ ለአለቃሽ ደክሞኛል በያትና ጥቂት ቀን እረፊ።»

«እኔ? ደክሞኛል ልበል?» አለች ማሯ። ለአዲስ ገቢዎች አሠልጣኝ ልትሆን እንደ ታጨች ሁሉም ያውቃል፤ ሰኞ ይነገራታል እየተባለ ነው። ደከመኝ የሚል ሰው ደግሞ ማንን ያሠለጥናል? «የደከመውማ እንዳንተ ጡረታውን ይጠብቅ።»

«ይሁን። መካር አያሳጣሽ ብለው ሲመርቁ የእኔን ዓይነቱን ነው፤ አንቺ እምቢ ካልሽ እኔ ምን ቸገረኝ» ብሎ ሻዩን አስቀምጦላት ወደ ወንበሩ ተመለሰ። ሻዩ እንደ ተቀመጠ ቀዘቀዘ።

ቀኑ ዐርብ ነበር፣ ከሰዓት በኋላ። የፈነዳው መስመር ተጠግኖ ለብዙው ሰፈር ውኃ ተለቋል፤ ቀዩ ቁጥር ግን ንቅንቅ አላለም። በማሯ ጆሮ አንዲት እናት ገቡ፤ ድምፃቸው ያረጀ፣ ቀስ የሚል ነው።

«እንደምን ዋልሽ ልጄ? ትናንትም ደውዬ ነበር፣ ከትናንት ወዲያም። ጠብቂ ብለውኝ ነው። የጎረቤቶቼ ሁሉ መጣላቸው፤ የእኔ ብቻ እምቢ አለ። ስከፍተው ያስላል። እንደ ሰው ነው የሚያስለው፤ ካሳለ በኋላ ጸጥ። ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ነው ያስገባው። ያኔ ቦዩን ሲቆፍር...»

ማሯ ጓዳ ገባች። ዐይኗን ጨፍና በረጅሙ ተነፈሰች። አሮጊቷ ቀጠሉ፤ ከቦዩ ወደ ባላቸው ወገብ፣ ከወገቡ ወደ ሐኪሙ፣ ከሐኪሙ ወደ ሐኪሙ ሚስት። ማሯ ቀና ብላ ብታይ ቀዩ ቁጥር ጨምሯል። መንጋጋዋ ግጥም አለ። ጓዳ ገብቼ የሆዴን ልተንፍሰው አለችና ጣቷን ሰደደች። ጓዳ ውስጥ መሆኗን ረስታዋለች። ቁልፉ ደግሞ አንዴ ሲጫኑት ያስገባል፣ ሁለተኛ ሲጫኑት ያስወጣል።

«ኤጭ! ሞት የረሳት አሮጊት!» አለች ማሯ፣ ሳሎን መሀል ቆማ። «ነገር ስታላምጥ እኔን ልትገድለኝ ነው እንዴ!»

ወሬው ተቋረጠ። ማሯ ዝምታውን ስትሰማ ነው ስልኩን ያየችው። ጓዳ ሲገቡ የምትበራዋ ትንሽ መብራት ጠፍታለች።

«እውነትሽን ነው ልጄ» አሉ አሮጊቷ፣ ሳይቆጡ። «ረስቶኛል። በሥራሽ ላይ አስቸገርኩሽ፤ ይቅር በይኝ።» ዘጉት።

ማሯ አፏን ከፍታ ሳትዘጋው ቀጣዩ ደዋይ ገባ። «ጤና ይስጥልኝ፣ ምን እንርዳዎ?» አለችው። ኋላ ስታስበው ከስድቡም ይልቅ ያሳፈራት ይኸው ነው፤ ድምፅዋ ቅንጣት አልተለወጠም። ማሩ እንዳለ ነበር።

ራዲዮ በጣውላው ላይ አንገቱን አሻግሮ፣ «ማሯ፣ ሳሎን ነበርሽ እንዴ?» አላት በሹክሹክታ።

«አልነበርኩም!» አለችው። ፊቷ ግን እሳት የነካው መስሎ ነበር።

ትንሽ ቆይታ ወደ አሮጊቷ መልሳ ደወለች። ጠራ፣ ጠራ፣ የሚያነሣ የለም። ደገመች። በሦስተኛው ተነሣና ወዲያው ተዘጋ። የመሥሪያ ቤቱን ቁጥር አይተው ፈርተው ነው፤ በዚያ ዕድሜያቸው ስልክ ፈሩ፣ በእኔ የተነሣ አለች በሆዷ። አድራሻቸውን አልተቀበለቻቸውም፤ ያለ አድራሻ ደግሞ የቧንቧ ሠራተኛ አይላክም። ከስልክ ቁጥሩ ተነሥቶ የደንበኛውን ቤት ማግኘት የሚችለው የአለቃዋ ኮምፒዩተር ብቻ ነው። ለአለቃዋ መንገር ማለት ደግሞ ሁሉንም መንገር ነው፤ ሰኞም ቅርብ ነው። ማሯ ቦርሳዋን አንሥታ፣ የማንንም ዐይን ሳታይ ደረጃውን ወረደች። ነገ የሆነ ሰው ይደውልላቸዋል፤ ልጅ አያጡም፣ ጎረቤት አያጡም እያለች ሄደች። ራስን ማታለል ከሁሉ የሚቀለው መንገድ ላይ ነው።

ቤት ግን ቧንቧ አለ። ሳህን ልታጥብ ስትከፍተው ውኃው እየተንፎለፎለ ሲወርድ እጇን ሰበሰበች። ቅዳሜ ልጇን ስታጥብ አንድ ጣሳ ብቻ ቀድታ በዚያው ልትጨርስ ስትታገል፣ ልጅቷ «እማዬ፣ ሳሙናው እኮ ዐይኔ ውስጥ ነው» አለቻት። ባሏ «ምን ሆነሻል?» ይላታል፤ «ምንም» ትለዋለች። እሑድ ከሰዓት እሱ ብሩሾቹን ከቧንቧው ሥር ዘርግቶ፣ ውኃውን ለቆ እያፏጨ ሲያጥብ አየችው።

«ዝጋው!» ብላ ጮኸች። «ሰው ውኃ አጥቶ አንተ ታፏጫለህ?» ከዚያ እንደ ልጅ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሁሉንም ነገረችው።

ባሏ «ምንም አይደል» አላላትም። ቧንቧውን ዘግቶ እጁን በጨርቅ ጠረገና አጠገቧ ቁጭ አለ።

«እርጥብ ግድግዳ ሲቀባ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ?» አላት። «ለጊዜው ያበራል፤ ሰንበትበት ሲል ግን እንደ ቅርፊት ይላጣል። አንቺም ስንት ጊዜሽ፣ ውስጥሽ ርሶ ከላይ ስትቀቢ። እኔም አይቻለሁ። ጥርስሽን ስታፋጪ እሰማ ነበር። አይቼ ሳቅኩ እንጂ አልጠየቅኩሽም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«መጀመሪያ ለሴትዮዋ ውኃ። አንቺን ደግሞ ስትደርቂ ቀስ ብለን እንቀባሻለን።»

ሰኞ ጠዋት ማሯ ወንበሯ ላይ ሳትቀመጥ አለቃዋ ዘንድ ገባች። አለቃዋ ከዚያው ከወንበሮቹ መካከል ተነሥታ የተሾመች፣ እኩያዋ ናት። ፈገግ ብላ፣ «እኔም ልጠራሽ ነበር» አለቻት።

«አትጥሪኝ፤ መጀመሪያ ስሚኝ።» ማሯ ጠረጴዛውን እያየች ተናገረች። ስድቡ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ሰለለ።

«አልሰማሁሽም፤ ምን አልሻቸው?»

«ሞት የረሳት።»

አለቃዋ ፈገግታዋን ሰበሰበች። «ይኼ መቼ ነው?»

«ዐርብ።»

«ዛሬ ሰኞ ነው እኮ ማሯ!»

ማሯ የአሮጊቷን ስልክ ቁጥር የጻፈችበትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ለስድቡ እንኳ ድካሟን ሰበብ ልታደርግ ትችል ነበር፤ ለዝምታዋ ግን ምን ትበል? አለቃዋ ቁጥሩን ተቀብላ ቤቱን ፈለገች፣ ለጥገና ክፍል ደወለች፤ ይህን ሁሉ ስታደርግ ቀና ብላ አላየቻትም። ከጨረሰች በኋላ ነው የተመለከተቻት።

«እንዲህ ከሆንሽ ቆየሽ?»

ማሯ መንጋጋዋን፣ ሳይነካ የሚመለሰውን ምሳ፣ ቤት ውስጥ የሚያስደነግጣትን ስልክ ነገረቻት። ስትዘረዝረው ለራሷም ገረማት፤ ለየብቻ እያለ ብርድ ነው፣ ስልቸታ ነው ስትለው የከረመችው ሁሉ አንድ ላይ ሲቀመጥ ሌላ ነገር ሆነ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አሠልጣኝ አትሆኚም እንዳትዪኝ።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ አንቺ ሳትዪኝም ዐውቄዋለሁ።»

«እውነት ነው፣ ይቆያል» አለቻት አለቃዋ ሳታለሳልስ። «ለጊዜው ስልክ ላይም አትቀመጪም። ግን የእኔም እጅ አለበት። ሁለት ሰው ሲለቅ የእነሱን ወንበር እናንተ ጀርባ ላይ ነው የጫንኩት፤ ያንን ቀይ ሰሌዳም ዛሬ አስወርደዋለሁ። ከእንግዲህ ክፉ ስልክ የዘጋ ሰው ማዳመጫውን አውልቆ ኮሪደር ላይ ተንሸራሽሮ፣ ውኃ ጠጥቶ ይመለስ፤ ለምን ወጣህ የሚለው የለም። ጓዳ ውስጥ ከምትታፈኑ ይሻላል። በይ፣ አሁን ከቧንቧ ሠራተኛው ጋር ሂጂ።»

«እኔ?»

«ታዲያ እኔ ልሂድልሽ?»

ቤቱ በጠባብ መንገድ መጨረሻ ላይ ነበር፤ የቆርቆሮ በር፣ ትንሽ ግቢ፣ በግድግዳው ጥግ አፋቸውን ደፍተው የተደረደሩ ባዶ ጀሪካኖች። አሮጊቷ ቀጭን ናቸው፤ ሻርፓቸውን እያስተካከሉ «ግቡ፣ ግቡ» አሉ። ሠራተኛው ቆጣሪው ዘንድ ተንበርክኮ ቆሻሻውን ጠረገና ሳቀ። ዋናውን መስመር የጠገኑት ሰዎች የዚህን ቤት መዝጊያ ዘግተው መክፈቱን ረስተውታል። ጠምዘዝ አድርጎ ከፈተው፤ ሥራው ይኸው ነበር። ማሯ አንዲት አድራሻ ብትቀበል ኖሮ ዐርብ ያልቅ ነበር።

ማሯ በር ላይ እንደ ቆመች ናት። ከአንደበቷ ቃል አልወጣም፤ አፏን ከከፈተች ትታወቃለች።

«አንቺስ ልጄ፣ ምነው ዝም አልሽ? ቁጭ በይ እንጂ።»

«እማማ...» አለች ማሯ።

ቧንቧውን ሊከፍቱ የተዘረጋው የአሮጊቷ እጅ ባለበት ቀረ። «ውይ» አሉ። «አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ።»

«ከሥራሽ አስወጣሁሽ? ተቆጡሽ? እኔ እኮ ለማንም አልተናገርኩም፤ ከዚህች ከጎረቤቴ በቀር።»

እሳቸው ማፈራቸው ማሯን ጨርሶ አቀለጣት። «እማማ፣ እርስዎ ምንም አላጠፉም። ይቅርታ ልል ነው የመጣሁት።»

አሮጊቷ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። «አልተቀየምኩም ብልሽ ውሸት ነው» አሉ። «ቃሏ አልጋዬ ድረስ ተከትላኝ ገባች። ደግሞ የገረመኝ፣ ስጠብቅ ያን ሁሉ ጊዜ ይታገሡን፣ ይታገሡን ስትዪኝ የቆየሽው አንቺው ነሽ። ይችን የመሰለች ልጅ በምን አስከፋኋት አልኩ።»

«ደክሞኝ ነበር። ለሰው ሳልናገር ደክሞኝ ነበር።»

«እንዲያ በይኝ ታዲያ! ዛሬ ደክሞኛል እማማ፣ ያሳጥሩልኝ ብትዪኝ አሳጥርልሽ ነበር።» ቆም ብለው አሰቡ። «ላይሆንልኝም ይችል ነበር። ግን እሞክር ነበር።»

ሠራተኛው ቧንቧውን ከፈተው። አሳለ፤ እውነትም እንደ ሰው ነው የሚያስለው። ዝገት የመሰለ ውኃ ተፋ፣ ከዚያ ጠራ። አሮጊቷ እጃቸውን ከሥሩ አድርገው ታጠቡ። ከዚያ አንዱን ጀሪካን ሞሉና፣ «ይህን ለጎረቤቴ አድርሺልኝ። ስቀዳ የሰነበትኩት ከእሷ ነው፤ ወገቤ አይችልልኝም» አሏት።

ጎረቤትየዋ ደጇ ላይ ልብስ እያጠበች ነበር፤ ሰፊ ሴት፣ አረፋው እስከ ክርኗ ደርሷል። ጀሪካኑን ስታይ እልል ልትል ቃጣት።

«መጣላቸው? እሰይ! አንቺ ከመሥሪያ ቤቱ ነሽ? ተባረኪ! እስቲ ለዚያች ስልክ ላይ ላለችው ዋልጌ ንገሪልኝ። ምላሷ ይታሠር! እንዲያው እኚህን የመሰሉ እናት ሞት የረሳሽ ይባላሉ? እሷን እናት አልወለዳትም? ቧንቧ ነው የወለዳት? ባገኛት በዚህ ሳሙና ነበር አፏን የማጥብላት!»

ጀሪካኑ የማሯን ትከሻ ይቆርጣል። ሴትዮዋ አታውቃትም፤ ከዚህ ወዲያም የምታውቅበት ምክንያት የለም። «እሺ እመቤቴ፣ መልእክትዎን አደርሳለሁ» የሚለው መልስ ተዘጋጅቶ፣ ጣፍጦ፣ ምላሷ ጫፍ ላይ ቆሟል። ዋጠችው።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ምን?»

«ስልክ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። የሰደብኳቸው እኔ ነኝ።» ድምፅዋ ሻካራ ነበር።

ሴትዮዋ ከእግር እስከ ራስ አየቻት። አረፋው ከክርኗ መሬት ላይ ጠብ ጠብ አለ። የቧንቧ ሠራተኛው ከወዲያኛው በር አንገቱን አውጥቶ ያያል። ማሯ አላቀረቀረችም፤ ግን ቀና ማለቱም አልሆነላት፤ ዐይኗ በሴትዮዋ የልብስ ሳፋ ላይ ቀረ።

«አንቺ?»

«እኔ።»

«እንግዲያው ጀሪካኑን ደጅ ላይ አታስቀምጪው» አለች ጎረቤትየዋ ወደ ልብሷ እየተመለሰች። «ወደ ውስጥ አስገቢና በርሜሉ ውስጥ ገልብጪው። ባዶውን ለእማማ መልሺና ደግሞ ቀድተሽ ነይ። እሳቸው አንድ ጀሪካን ብቻ አይደለም የቀዱት።»

ማሯ ውኃው በእጅጌዋ እየወረደ ገባች። ባዶውንም ይዛ ወጣች።